“ካልታወቀ ፎርድ በሉት” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የነበረውን ጽሑፍ አይታችሁት ይሆናል፣ የድሮ የአሜሪካ መኪና ፎቶ እጃችሁ ከገባ ማን እንደሰራውና መቼ እንደተሰራ በአምስት ደቂቃ ታውቃላችሁ የሚለውን። ለኔም ከተለያየ ሰው ተልኮልኛል፣ “አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ፣ እስቲ እየው” እየተባለ። አየሁት፣ ደግሜም አነበብኩት። አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ጸሐፊው ጉዳዩን ከልቡ እንደሚወደውም ያስታውቃል፣ ግን ካነሳቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፣ እና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም ሰዎች ይሄን ጽሑፍ አምነው በአያቶቻቸው ፎቶ ጀርባ ላይ ስም እየጻፉ ነው፣ አንዴ የተጻፈ የተሳሳተ ስም ደግሞ ከዛ በኋላ ልጅም የልጅ ልጅም እየተቀበለው ይሄዳል እንጂ ማንም ተመልሶ አያጣራውም።

መጀመሪያ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ የዛን ዘመን መኪኖች ሁሉም ይመሳሰላሉ፣ ፎርድ ደግሞ ከማንም በላይ አምርቷል፣ ስለዚህ ያላወቃችሁትን ፎርድ ካላችሁት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ትሆናላችሁ ይላል። ሁለተኛ፣ መኪናው የፈረስ ጋሪ በመሰለ ቁጥር እድሜው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የጋሪ ጎማ ያለው ከ1900 በፊት የተሰራ ነው። ሶስተኛ፣ የነሐስ ጌጥና የጋዝ መብራት ካለው ከ1912 በፊት ነው፣ መሪው በቀኝ ከሆነ ደግሞ ከ1908 በፊት። አራተኛ፣ ታርጋው ላይ ያለው ዓመት የመኪናው ዓመት ነው። አምስተኛ፣ ራዲያተሩን ማየት ይበቃል፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቅርጽ ነበረው፣ ጭራሽ ራዲያተር ከሌለው ደግሞ ወይ የእንፋሎት ወይ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ስድስተኛ፣ ይሄ ሁሉ ካልሰራ ፎቶውን ለኤአይ ስጡት፣ እሱ ይነግራችኋል። (ዓመቶቹ የሱም የኔም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከፎርዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። እውነት የሆነውን እቀበላለሁ፣ ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ወደ 15 ሚሊዮን ተመርቷል፣ ስለዚህ ፎቶው የ1920 የገበያ ቀን ሆኖ መንገድ ዳር መኪኖች ተደርድረው ከቆሙ አብዛኞቹ ፎርድ ቢሆኑ አይገርምም። ግን ጽሑፉ የሚያወራው ስለዛ ጊዜ አይደለም፣ ያመጣቸው ምሳሌዎች ሁሉ ከሞዴል ቲ በፊት የነበሩ ናቸው፣ እዛ ጋ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። ፎርድ ሞተር ካምፓኒ የተቋቋመው በ1903 ጁን ላይ ነው። የመጀመሪያው መኪናው ሞዴል ኤ በጠቅላላ 1,700 ገደማ ነው የተሰራው። በዛው በ1903 ኦልድስሞቢል ያቺን ፊቷ ወደ ላይ የተጠቀለለችውን ትንሽ መኪና ብቻ 4,000 አካባቢ ሰርቷል፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከ5,000 በላይ። ከሁለቱም በፊት ሎኮሞቢል የሚባለው የእንፋሎት መኪና በሺዎች ተሸጦ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ራሱ ባመጣው የብዛት ሎጂክ ከሄድን፣ የ1903 ያልታወቀ መኪና ፎርድ ሳይሆን ኦልድስሞቢል ነው መባል ያለበት፣ እሱም ቢሆን ግምት ነው፣ መለየት አይባልም። ብዛት ስለ ብዙ ፎቶዎች በጅምላ ሊነግረን ይችላል፣ እጃችን ላይ ስላለችው አንዲት ፎቶ ግን ምንም አይነግረንም።

“ሁሉም ይመሳሰላሉ” ለሚለው ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ምሳሌ ራሴ ላምጣለት። ሄንሪ ፎርድ በ1902 በስሙ ከተቋቋመው ካምፓኒ ተጣልቶ ወጣ፣ የቀሩት ባለሀብቶች ሄንሪ ሊላንድ የሚባል የሞተር ባለሙያ አምጥተው ካምፓኒውን ካዲላክ አሉት። የ1903 ፎርድና የ1903 ካዲላክ ጎን ለጎን ቢቆሙ መንታ ናቸው፣ አጭር ቁመት፣ ሞተር ከመቀመጫው ስር፣ ከኋላ ተነስቶ የሚገጠም ተጨማሪ መቀመጫ በሩ በጀርባ በኩል የሆነ፣ ዋጋቸው እንኳን አንድ ነው፣ 750 ዶላር፣ ከኋላ መቀመጫው ጋር 850። ልዩነታቸው ሞተሩ ላይ ነው፣ የካዲላኩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፣ የፎርዱ ፊት ለፊት የተጋደሙ ሁለት ሲሊንደሮች አሉት፣ ይሄ ደግሞ በፎቶ አይታይም። እዚህ ጋ “በቃ ፎርድ በሉት” ያለ ሰው ስንት ካዲላክ በፎርድ ስም እንደሚመዘግብ አስቡት። ስለዚህ መመሳሰሉ እውነት ነው፣ ከሱ የተወሰደው መደምደሚያ ነው ስህተቱ፣ ሲመሳሰሉ የበለጠ ጠጋ ብሎ ማየት እንጂ መገመት አይደለም የሚያስፈልገው።

ጠጋ ብሎ ማየት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በፎርዱ በራሱ ላሳይ። ሞዴል ቲን ከፊት የሚያሳይ ፎቶ ካገኛችሁ ራዲያተሩን ተዉትና ወደታች ውረዱ። ከፊት አክስሉ በላይ አንድ ባሌስትራ (የብረት ስፕሪንግ) ብቻ ታያላችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም የተቀመጠ፣ መሀሉ ወደ ላይ የቀስት ቅርጽ ይዞ ሁለቱ ጫፎቹ ጎማዎቹ አጠገብ የሚያርፉ። በዛ ዘመን የነበሩ አብዛኞቹ ሌሎች መኪኖች ሁለት ባሌስትራ ነው ያላቸው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በሻንሲው (መኪናው በሚያርፍበት የብረት አጽም) ርዝመት የተዘረጉ፣ ከፊት ስታዩዋቸው ጫፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይሄ ለምን ይጠቅማል፣ ሰዎች ሞዴል ቲ ገዝተው ቦዲውን እየጣሉ የሩጫ መኪና የሚያስመስል ሌላ ቦዲ ይገጥሙ ነበር፣ ራዲያተሩን የሚሸፍን ያማረ ቆርቆሮም ለብቻው ይሸጥ ነበር፣ ስለዚህ ፊቱ ፎርድ የማይመስል ፎርድ ሞልቷል። ባሌስትራውን ግን ማንም አይቀይረውም፣ መኪናው በሙሉ የተሰራው በሱ ላይ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ባለቤቱ በአንድ ከሰአት ቀይሮት የሚውለው ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ ፋብሪካው ራሱ እንኳን በቀላሉ የማይቀይረው ነገር ነው ማስረጃ የሚሆነው። ከታች የምላቸውም ሁሉ ወደዚህ ይመለሳሉ።

የጋሪ ጎማው ነጥብ ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው ምክንያቱም ጸሐፊው በልበ ሙሉነት ፎቶ ጭምር አያይዞበታል። ፎቶው ላይ ሰውየው መሪ ይዞ ተቀምጧል፣ ሴትየዋ ከጎኑ ቆማለች፣ ጎማዎቹ ቀጭንና ረጃጅም የእንጨት ጎማዎች ናቸው ዙሪያቸውን ድፍን ላስቲክ የለበሱ፣ ከስሩ ደግሞ “የ1896 ፎርድ” ተብሎ ተጽፏል። በ1896 ሄንሪ ፎርድ ያለው አንድ መኪና ብቻ ነው፣ ዲትሮይት ውስጥ ከቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ለራሱ የሰራው፣ ጎማዎቹም የብስክሌት አይነት ቀጫጭን የሽቦ ጎማዎች ናቸው እንጂ የእንጨት አይደሉም። ስለዚህ ፎቶው እሱ ሊሆን አይችልም፣ ዓመቱም ሊሆን አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የጋሪ ጎማ የገጠማቸው መኪኖች በብዛት የተሰሩት ከ1907 እስከ 1912 ባለው ጊዜ ነው፣ ሃይ ዊለር ይባላሉ፣ ማለትም ጸሐፊው ካለው ከአስር ዓመት በላይ ዘግይተው። ምክንያቱ ደግሞ ኋላ ቀርነት አልነበረም። የመካከለኛው ምዕራብ ገበሬ የሚሄድበት መንገድ ጭቃና የጋሪ ቦይ ነበር፣ የከተማ መኪና ሆዱ መሬት እየነካ እዛው ይቀራል፣ ረጅም ጎማ ግን ቦዩን ተከትሎ ያልፋል፣ ጎማው ድፍን ስለሆነም አይፈነዳም። ሲርስ የሚባለው ትልቅ የካታሎግ ነጋዴ ከ1908 እስከ 1912 ድረስ እንዲህ ያለ መኪና በካታሎግ ይሸጥ ነበር፣ ሲጀምር በ395 ዶላር። የእርሻ መሳሪያ የሚሰራው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተርም በ1907 የራሱን አመጣ፣ ቺካጎ ላይ ሆልስማን ነበር፣ ኦበርን ኢንዲያና ማኪንታየር፣ ሲንሲናቲ ሻክት። ገበያቸውን የጨረሰው ሞዴል ቲ ራሱ ነው፣ እሱም ከመሬት ከፍ ያለ ነበር፣ ዋጋውም እየወረደ መጣ። እና እነዚህን መኪኖች “የ1890ዎቹ ፎርድ” ማለት ፎርድ ከገበያ ያስወጣቸውን ሰዎች ስራ መልሶ ለፎርድ መስጠት ነው፣ ይሄ እኔን በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

እሺ ታዲያ ፎቶው የማን ነው? እስኪ እየቀነስን እንሂድ። ሰውየው የያዘው ክብ መሪ ነው፣ ሲርስ በዘንግ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ሲርስ ወጣ። የኋላ ጎማው ጋ ጥርስ ያለው ትልቅ ክብ ብረትና ካቴና ይታያል፣ የታወቀው ሆልስማን ደግሞ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በገመድ ነው፣ ስለዚህ እሱም ራቀ። ኢንተርናሽናል፣ ማኪንታየርና ሻክት ይቀራሉ፣ ሌሎች ትናንሽ ፋብሪካዎችም አሉ። እነሱን የሚለየው የጎማው መሀል ላይ ያለው ኮፓ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ስም ወይም ፊደል ተቀርጾበት ነው የሚመጣው፣ ግን የፊቱን ጎማ የሴትየዋ ቀሚስ ከልሎታል፣ የኋላው ደግሞ ጥላ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ትክክለኛው መግለጫ “ሃይ ዊለር፣ ከ1907 እስከ 1912፣ ካቴና፣ ክብ መሪ፣ ሰሪው ገና ያልተለየ” ነው። ይሄ ሽንፈት አይደለም፣ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ መኪና ከሌላ ጎን ያነሳው ፎቶ ሲገኝ ከዚህ ተነስቶ መቀጠል ይቻላል፣ “1896 ፎርድ” ከተባለ ግን መንገዱ ተዘጋ።

ስለ ነሐሱና ስለ መብራቱ ብዙ አልቆይም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መብራት ከመኪናው ጋር የሚመጣ እቃ እንኳን አልነበረም፣ ገዢው ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ከወደደው ሱቅ፣ ስለዚህ መብራቱ ላይ የምታነቡት ስም የመብራት ሰሪው ነው እንጂ የመኪናው አይደለም። የጋዝ መብራቱን በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረም ብዙ ነው። የነሐስ ራዲያተር ደግሞ ሞዴል ቲ ላይ እስከ 1916 ድረስ ቀጥሏል፣ ማለትም “ከ1912 በፊት” የሚለው ህግ ጸሐፊው በጣም የሚወደው መኪና ላይ ራሱ አይሰራም። ካዲላክ በ1912 ሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ) መግጠሙ ትልቅ ለውጥ ነው፣ እሱን አልክድም፣ ግን ማኖቤላው (በእጅ እየዞረ ሞተር የሚያስነሳው ብረት) ከዛ በኋላም ለብዙ ዓመታት ፊት ላይ ተሰክቶ ስለሚታይ በሱ ቀን መቁረጥ አይቻልም።

መሪው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሞዴል ቲ መሪውን ወደ ግራ አምጥቶ ሌሎቹ ቀስ በቀስ መከተላቸው ልክ ነው። “ቀስ በቀስ” የምትለዋን ነው ጽሑፉ የዘለላት። ፒርስ-አሮው፣ በዛ ዘመን ከነበሩት ውድ መኪኖች አንዱ፣ እስከ 1920 ድረስ መሪው በቀኝ ነበር። በዚህ ህግ የሄደ ሰው የ1919ን መኪና አስራ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከዛ በላይ ደግሞ ፎቶው ራሱ ሊገለበጥ ይችላል፣ የመስታወት ኔጋቲቭ በተሳሳተ ጎኑ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ እና በግራ የነበረው መሪ በቀኝ ተቀምጦ ታዩታላችሁ። ይሄን ለማወቅ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የታርጋ ቁጥር ፈልጉ፣ እሱ ከሌለ የወንዶቹን ኮት እዩ፣ የወንድ ኮት በግራ በኩል ያለው ጨርቅ ነው ከላይ የሚመጣው፣ ሁሉም ወንዶች በተቃራኒው ከቆለፉ ፎቶው ተገልብጧል። ስለ መሪ ከማውራት በፊት ይሄ መጣራት አለበት።

ታርጋው ላይ በከፊል እስማማለሁ። ዓመት የተጻፈበት ታርጋ ፎቶው የተነሳበትን ዓመት ይነግራችኋል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መኪናው የተሰራበትን ግን አይነግርም፣ የ1905 መኪና የ1911 ታርጋ ለጥፎ መሄዱ ምን ይገርማል፣ ዛሬም እንደዛው ነው። ደግሞም ሁሉም ታርጋ ዓመት የለውም። ኒውዮርክ በ1901 ህጉን ስትጀምር ባለቤቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ራሱ አሰርቶ ነበር የሚሰቅለው። ማሳቹሴትስ በ1903 በመንግስት የተሰራ ታርጋ ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሰማያዊ ኢናሜል ላይ ነጭ ቁጥር፣ እስከ 1907 ድረስ ዓመት አልነበረበትም። ካሊፎርኒያ እስከ 1914 ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያሰራው። ታርጋው እንዲያውም ጸሐፊው ባላሰበው መንገድ ነው የበለጠ የሚጠቅመው፣ በአንዳንድ ስቴቶች የምዝገባ ዝርዝሩ ታትሞ ይወጣ ነበር፣ ቁጥሩ፣ የባለቤቱ ስም፣ አንዳንዴም የመኪናው ስም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከተነበበ መዝገብ ቤት ሄዶ መፈለግ ይቻላል። ፎቶው ፖስት ካርድ ከሆነ ጀርባውንም እዩት፣ ለመልእክትና ለአድራሻ በመስመር ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከማርች 1907 በኋላ የታተመ ነው ምክንያቱም የአሜሪካ ፖስታ ቤት ያን የፈቀደው ያኔ ነው። ይሄም ቢሆን የህትመቱ ቀን እንጂ የመኪናው አይደለም።

ወደ ራዲያተሩ ስንመጣ፣ እዚህ ጋ ጸሐፊው ከሌላው ነጥብ ሁሉ ለእውነት የቀረበ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ልመልስለት። ፓካርድ ከ1904 ጀምሮ ትከሻው ላይ የተሰበረ የሚመስል የራሱ የራዲያተር ቅርጽ ነበረው፣ ያን ያየ አይሳሳትም። ክሊቭላንድ የሚሰራው ስቲርንስ በራዲያተሩ ዙሪያ ነጭ መስመር ያደርግ ነበር፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ራሱ ይታያል። እንዲህ ያሉትን ማወቅ ጥሩ ነው። ግን “እያንዳንዱ ፋብሪካ” የሚለው ነው የማይሆነው። በዛ ዘመን አሜሪካ ውስጥ መኪና ሰሪ ነኝ ብለው ከተነሱት መሀል ብዙዎቹ የሚገጣጥሙ ነበሩ እንጂ የሚሰሩ አልነበሩም፣ ሞተሩን ከኮንቲኔንታል፣ አክስሉን ከቲምከን፣ ራዲያተሩንም ቦዲውንም ከሌላ አቅራቢ ይገዙና የራሳቸውን ስም ይለጥፉበታል። የሁለት ከተማ ሁለት መኪና አንድ አይነት ፊት ቢኖራቸው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከዚህም የባሰ አለ። ስታንሊ የሚባሉት መንታ ወንድማማቾች በ1899 የእንፋሎት መኪናቸውን ስራ ሲሸጡ ገዢዎቹ ሁለት ነበሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉና ያንኑ አንድ መኪና አንዱ ሎኮሞቢል ብሎ ሌላው ሞቢል ብሎ መሸጥ ጀመሩ። ቦዲው ያው፣ የእንፋሎት ውሃ ማፍያው ያው፣ ስሙ ብቻ ሁለት። ሞቢል ታሪታውን ኒውዮርክ ነበር የሚሰራው፣ እሱ ሲዘጋ በ1904 ማክስዌል-ብሪስኮ እዛው ፋብሪካ ገባ፣ ስለዚህ “የታሪታውን መኪና” ብሎ የተጻፈ ፎቶ እንኳን ስታገኙ ሁለት ፍጹም የተለያዩ መኪኖች ማለት ሊሆን ይችላል። ኢ-ኤም-ኤፍ የሚባል መኪና ደግሞ ስቱድቤከር በሚባለው ሌላ ካምፓኒ ነጋዴዎች በኩል ይሸጥ ነበር፣ በኋላም ስቱድቤከር ጠቅልሎ ገዛው።

ልዩ ምልክት አላቸው የሚባሉትም ቢሆኑ ምልክቱ ሲጠፋ አለመሆናቸውን አያሳይም። ፒርስ-አሮው ከ1913 ጀምሮ የፊት መብራቱን ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ላይ ገጥሞ ነው የሚያወጣው፣ በሱ ነው ሰው የሚያውቀው፣ ግን ገዢው ከፈለገ እንደማንኛውም መኪና ከራዲያተሩ አጠገብ የቆመ መብራት ማዘዝ ይችል ነበር፣ ያዘዙም አሉ። በተቃራኒው ደግሞ ሻንሲው ከአክስሉ ስር የሚያልፈውን ዝቅ ያለ መኪና ያየ ሁሉ የኢንዲያናፖሊሱ አሜሪካን አንደርስላንግ ነው ይላል፣ ዲትሮይት ላይ ሪጋልም እንዲሁ አድርጎ ይሰራ ነበር።

“ራዲያተር ከሌለው እንፋሎት ወይ ኤሌክትሪክ” ለሚለው ፍራንክሊን ብቻውን በቂ መልስ ነው። ሰራክዩስ ኒውዮርክ ከ1902 እስከ 1934 የተሰራ የቤንዚን መኪና ነው፣ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር ጭራሽ አያስፈልገውም። የዲትሮይቱ ኪተን ደግሞ ራዲያተሩን ልክ እንደ ፈረንሳዩ ሬኖ ከሞተሩ ኋላ አስቀምጦ ኮፈኑን ወደ ፊት አዘቅዝቆታል፣ ከፊት ስታዩት ምንም የለም። የኦልድስሞቢሏም ትንሽ መኪና ሞተሯ መቀመጫው ስር ስለሆነ ፊቷ ላይ የምትፈልጉትን ራዲያተር አታገኙም፣ እሷ ደግሞ በቤንዚን ነው የምትሄደው።

እግረ መንገዴን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ፣ ከናንተ ብዙም በማይርቀው ሃያትስቪል ሜሪላንድ በ1907 ገደማ ካርተር መንትያ ሞተር የሚባል መኪና ነበር፣ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንዲሄድ ተብሎ ሁለት ሞተር የተገጠመለት፣ በኋላ ዋሽንግተን የሚል መኪና ሰርተው እስከ 1912 ቆይተዋል። ሄገርስታውን ሜሪላንድም ፖፕ-ትሪቢዩን ይሰራ ነበር። የዛ አካባቢ የድሮ ፎቶ ላይ “ፎርድ” ተብለው የሚታለፉት መኪኖች መሀል እነዚህ አይኖሩም ማለት አይቻልም። ማንም ስማቸውን ካልጠራ ደግሞ ለዘላለም አይታወቁም፣ እኔ ለዚህ ጉዳይ የምጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤአይውን በሚመለከት ጸሐፊውን አልቃወምም አልደግፈውምም፣ መጠቀሙ ምንም ክፋት የለውም፣ ታዋቂ መኪና ከሆነና ፎቶው ግልጽ ከሆነ ቶሎ ይናገራል። ችግሩ የሚያየው ጠቅላላ መምሰልን መሆኑ ነው፣ የተማረውም ሰው ስም ከጻፈባቸው ፎቶዎች ነው፣ ከነዛ ብዙዎቹ ፎርድ ናቸው፣ ከቀሩትም የተሳሳተ ስም ያላቸው ሞልተዋል፣ ስለዚህ የጽሑፉን የመጀመሪያ ነጥብ በሌላ አፍ መልሶ ነው የሚነግራችሁ። መሞከር ቀላል ነው፣ ያንኑ ፎቶ ገልብጡና ጠይቁት፣ ከዛ ሰዎቹን ቆርጣችሁ ጠይቁት፣ ከዛ ጎማውንና አክስሉን ብቻ አስቀርታችሁ ጠይቁት፣ መልሱ ከተቀያየረ መኪናውን አላወቀውም።

በጣም የማስጠነቅቀው ግን ፎቶ ጥራት የሚጨምሩትን አፖች ነው። የደበዘዘ ኮፓ ስትሰጡት ያልነበረ ፊደል ፈጥሮ ይስላል፣ ጥርት ያለ፣ የሚነበብ፣ ውሸት የሆነ ፊደል፣ እና ሰው “ይኸው ተጽፏል እኮ” ብሎ ይከራከራል። ኮፓ የሚነበበው ከዋናው ፎቶ ብቻ ነው። እጃችሁ ላይ ፎቶ ካለ በስልክ አታንሱት፣ በ1,200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1,200 ነጥብ) ስካን አድርጉት፣ ኔጋቲቩ ከተገኘ ከህትመቱ ይልቅ ኔጋቲቩን፣ ጀርባውንም ጨምሩ፣ ዳር ዳሩንም አትቁረጡት፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጎማ ያለው የተቆረጠው ጋ ነው።